በካይ ኦርጋኒክ ውህዶችን ከፍሳሽ ውኃ ለማስወገድ የተሻሻሉ ሬዚኖች ያላቸው ጠቀሜታ፦ ለጤና ባለሙያዎች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከመጠን በላይ ከፍ ላለ የኩላሊት ሕመምተኛ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ሶዲየም ፖሊስታይሪን ሰልፎኔት የተባለው ዱቄት ነው። ዱቄቱ በአንጀት ውስጥ ሶዲየሙን ይለቅና በምትኩ ፖታሲየም ይይዛል፤ የያዘውንም እንደያዘ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። የሐሞት አሲድን በመያዝ የደም ኮሌስትሮልን የሚቀንሰው ኮሌስታይራሚንም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ሁለቱም በሆድ ዕቃ ውስጥ የማይፈጩና ወደ ደም የማይገቡ ሰው ሠራሽ ሙጫዎች፣ በተለመደው አጠራር ሬዚኖች ናቸው።

የእነዚህ መድኃኒቶች የቅርብ ዘመዶች ከሆስፒታል ውጭም ሰፊ አገልግሎት አላቸው። በፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ የሟሙ ፌኖልን፣ የጨርቅ ማቅለሚያዎችን፣ የተባይ ማጥፊያዎችንና የመድኃኒት ቅሪቶችን ለቅመው ያወጣሉ። ጉዳዩ በአብዛኛው የመሐንዲሶችና የኬሚስቶች ተደርጎ ይቆጠራል። ሆኖም ከፍሳሹ ያልተወገደው በካይ በመጨረሻ የሚገኘው በሕመምተኛው ደም፣ ጉበትና ስብ ውስጥ ስለሆነ፣ የጤና ባለሙያው አሠራሩን በመጠኑም ቢሆን ማወቁ አስፈላጊ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሬዚኖች ምን እንደሆኑ፣ «ተሻሻሉ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ ማብራራት ነው።

ኦርጋኒክ በካዮች ለምን ያሳስባሉ?

በፍሳሽ ውኃ ውስጥ የሚገኙ ኦርጋኒክ ነገሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከመጸዳጃ ቤት፣ ከወጥ ቤትና ከቄራ የሚወጣውን ቆሻሻ ባክቴሪያዎች በቀላሉ ይመገቡታል። በተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የሚከናወነውም ይኸው ነው፤ ባክቴሪያዎቹ አየርና ጊዜ እየተሰጣቸው ቆሻሻውን ይበላሉ። ባክቴሪያዎች የማይበሉት፣ ወይም ራሳቸውን ባክቴሪያዎቹን የሚገድል ኦርጋኒክ ውህድ ሲመጣ ግን ይህ ዘዴ ይከሽፋል። ከእነዚህ ውህዶች መካከል ሦስት ወገኖችን መጥቀስ ይቻላል።

የመጀመሪያው ፌኖልና ዘመዶቹ ናቸው። ፌኖል ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1865 ለቁስል ማከሚያ የተጠቀመበት ካርቦሊክ አሲድ ሲሆን፣ የጀርም መግደያነቱ ሁላችንም የምናውቀው ነው። በቆዳ በኩል በፍጥነት ወደ ሰውነት ይገባል፤ በከፍተኛ መጠን ሲገባም የነርቭ ሥርዓትንና የልብ ምትን ያውካል። ፌኖል ያለበት ውኃ በክሎሪን ሲታከም ደግሞ ክሎሮፌኖሎች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም እጅግ በአነስተኛ መጠን እንኳ የውኃውን ጣዕምና ሽታ ያበላሻሉ። ስለዚህ ክሎሪን መጨመር ለዚህ ችግር መፍትሔ አይሆንም።

ሁለተኛው ወገን የጨርቅና የቆዳ ማቅለሚያዎች ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ አዞ የተባለው ኬሚካዊ ትስስር ያላቸው ሲሆኑ፣ በአንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይህን ትስስር ሲበጥሱት አሮማቲክ አሚን የተባሉ ውህዶች ይወጣሉ። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሉድቪግ ሬን በማቅለሚያ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የሽንት ፊኛ ዕጢ መታየቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1895 ነበር። ከጊዜ በኋላ ቤንዚዲንን የመሰሉ አሮማቲክ አሚኖች የፊኛ ካንሰር አምጪ መሆናቸው ተረጋግጧል።

ሦስተኛው ወገን የተባይ ማጥፊያዎችን፣ የመድኃኒት ቅሪቶችንና ፍሎሪን ያላቸውን ለረጅም ዘመን የማይበሰብሱ ውህዶች ያጠቃልላል። ከነዚህ አንዱ የሆነውን ፐርፍሎሮኦክታኖይክ አሲድን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ምድብ አንድ ውስጥ አስገብቶታል።

በአገራችንም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ፤ በመንገዳቸውም የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይቀበላሉ። በዳርቻቸው በዚሁ ውኃ የሚለማው አትክልት ለከተማዋ ገበያ ይቀርባል። በሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች፣ በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ደግሞ የተባይ ማጥፊያ የሚጠቀሙ የአበባና የአትክልት እርሻዎች ይገኛሉ።

ሬዚን ምንድን ነው?

የመጀመሪያዎቹን ሰው ሠራሽ የአዮን መለዋወጫ ሬዚኖች አዳምስና ሆልምስ የተባሉ እንግሊዛውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1935 ይፋ አደረጉ። የሠሯቸውም ፌኖልንና ፎርማልዲሃይድን በማጣመር ነበር። ዛሬ ውኃን ከብክለት የሚያጸዳው የሬዚን ቤተሰብ በተወለደበት ጊዜ ከበካዮቹ ከራሳቸው መሠራቱ የሚያስገርም ነው። በኋላ ግን ስታይሪንን መሠረት ያደረጉት ሬዚኖች ቦታውን ወሰዱ።

የስታይሪን ሬዚን አሠራር ከሽመና ጋር ቢነጻጸር ለመረዳት ይቀላል። ረጃጅሞቹ የስታይሪን ሰንሰለቶች እንደ ድር ሲሆኑ፣ ዳይቪናይልቤንዚን የተባለው ውህድ እንደ ማግ ሆኖ ያያይዛቸዋል። ማጉ ሲበዛ ሸማው ይጠብቃል፣ ይጠነክራል፤ ሲያንስ ይላላል፣ ውኃም ሲነካው ያብጣል። ምርቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚያንሱ እንደ ጨሌ ያሉ ክብ እንክብሎች ናቸው። እንክብሎቹ ሲሠሩ የማይዋሐድ ፈሳሽ አብሮ ተጨምሮ በኋላ እንዲወጣ ከተደረገ፣ ውስጣቸው በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ይሆናል። በዚህ መንገድ አንድ ግራም ሬዚን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ገጽ ማግኘት ይቻላል። በካዩ የሚያዘው በዚሁ ገጽ ላይ ነው፤ ሳንባ በአልቪዮሎቹ አማካይነት በጠባብ ደረት ውስጥ ሰፊ ገጽ እንደሚያገኝ ሁሉ፣ ሬዚኑም በቀዳዳዎቹ ገጹን ያሰፋል።

«ማሻሻል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ምንም ያልተጨመረበት የስታይሪን ሬዚን ውኃን የሚሸሽ ጠባይ አለው። ስለዚህ ውኃን የሚሸሹ በካዮች ወደ ገጹ ይጠጋሉ፤ በተለይም የቤንዚን ቀለበት ያላቸው ውህዶች ከሬዚኑ ቀለበቶች ጋር ፊት ለፊት ይሳሳባሉ። በውኃ ውስጥ በደንብ የሚሟሙትን እንደ ፌኖል ያሉ ውህዶች ግን አጥብቆ አይዝም። ማሻሻያ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። በዋናነት አራት ዓይነት ማሻሻያዎች ይሠራባቸዋል።

አንደኛው ሽመናውን ማጥበቅ ነው። ዳቫንኮቭና ባልደረቦቹ በሞስኮ ባዳበሩት ዘዴ፣ በፈሳሽ ያበጡት የስታይሪን ሰንሰለቶች እንደተዘረጉ በብዙ ተጨማሪ ድልድዮች እርስ በርስ ይታሰራሉ። የዚህ ዓይነቱ ሬዚን ገጽ በአንድ ግራም ከ1000 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል።

ሁለተኛው በሬዚኑ ላይ አሚን ማንጠልጠል ነው። አሚን ከፌኖል ጋር የሃይድሮጅን ትስስር ይፈጥራል። አሚኑ አራት የካርቦን ክንዶች ያሉትና ቋሚ አዎንታዊ ሙሌት የተሸከመ ሲሆን ደግሞ አሉታዊ ሙሌት ያላቸውን ውህዶች በአዮን ልውውጥ ይይዛል። ኮሌስታይራሚን የዚህ ወገን ነው። ሰልፎኔት የያዙ የጨርቅ ማቅለሚያዎችም አሉታዊ ሙሌት ስላላቸው በዚሁ ዓይነት ሬዚን ይያዛሉ።

ሦስተኛው የሰልፎኒክ ወይም የካርቦክሲሊክ አሲድ ቡድን መጨመር ሲሆን፣ አዎንታዊ ሙሌት ላላቸው ማቅለሚያዎችና መድኃኒቶች ያገለግላል። ፖታሲየምን የሚይዘው መድኃኒታችንም ከዚህ ወገን ነው።

አራተኛው በእንክብሉ ውስጥ የብረት ኦክሳይድ በማስገባት እንደ ማግኔት እንዲሳሳብ ማድረግ ነው። እንክብሎቹ በውኃው ውስጥ ተበትነው ከሠሩ በኋላ ተሳስበው በፍጥነት ይዘቅጣሉ። በዚህ ዓይነት ሬዚን የሚሠራ የመጠጥ ውኃ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2001 በደቡብ አውስትራሊያ፣ ማውንት ፕሌዛንት በተባለ ቦታ ሥራ ጀምሯል።

አያያዝና አለቃቀቅ፦ ከሕክምና ጋር ያለው ዝምድና

በተግባር ሬዚኑ በረጅም ዓምድ ውስጥ ይሞላና ፍሳሹ ከላይ ወደ ታች እንዲያልፍ ይደረጋል። በመጀመሪያ በካዩን የሚይዘው የላይኛው ክፍል ነው፤ እሱ ሲሞላ ተረኛው ከሥሩ ያለው ይሆናል። የመጨረሻው ክፍል መሙላት ሲጀምር በካዩ ከዓምዱ በታች ብቅ ይላል። በዚህ ጊዜ ሥራው ቆሞ ሬዚኑ መታደስ አለበት።

የማደሱ ሂደት ለሐኪም እንግዳ አይደለም። የፌኖል ፒኬኤ 10 ገደማ ስለሆነ፣ አሲድነትና አልካሊነት በሌለው ውኃ ውስጥ ሙሌት ሳይኖረው ይገኛል፤ በሬዚኑም ላይ ይጣበቃል። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲታጠብ ግን ሃይድሮጅኑን አጥቶ አሉታዊ ሙሌት ያለው ፌኔት ይሆናል። ፌኔት ውኃን ስለሚወድ ሬዚኑን ይለቃል። በአስፕሪን ለተመረዘ ሰው ሽንቱ አልካላይን እንዲሆን ሶዲየም ባይካርቦኔት የምንሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሙሌት የያዘው ሳሊስሌት በኩላሊት ቱቦ ግድግዳ አልፎ ወደ ደም መመለስ አይችልም። የሬዚን ዓምዱ መሐንዲስና የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም የሚጠቀሙት አንድ ሕግ ነው።

ገቢር ከሰልም ኦርጋኒክ በካዮችን በሚገባ ይይዛል፤ በብዙ ቦታ ዋጋውም ከሬዚን ያነሰ ነው። ነገር ግን ከሰሉን ለማደስ ብዙውን ጊዜ ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል። ሬዚን በቦታው ላይ በአልካሊ፣ በጨው ወይም በአልኮል ይታደሳል፤ የተያዘውም ውህድ ሳይቃጠል ተመልሶ ለሥራ ሊውል ይችላል። በሕክምናም በኩል ሁለቱ ጎን ለጎን ሄደዋል፤ በመድኃኒት የተመረዙ ሰዎችን ደም በከሰልም ሆነ ኤክስኤዲ-4 በተባለው ሬዚን ዓምድ ውስጥ ማሳለፍ በ1970ዎቹ ተሠርቶበታል።

የሆፕዌል ከተማ ትምህርት

የፍሳሽና የሕክምና ታሪክ በአንድ ሬዚን ላይ የተገናኙበት አጋጣሚ በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ሆፕዌል ከተማ ተከስቷል። በዚያ የነበረ አነስተኛ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1975 ክሎርዴኮን፣ በንግድ ስሙ ኬፖን፣ የተባለ የተባይ ማጥፊያ ያመርት ነበር። የፋብሪካው ፍሳሽ ወደ ከተማዋ የፍሳሽ ማጣሪያ ሲገባ ዝቃጩን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ጎዳ፤ ማብላያውም ሥራውን አቆመ። ይህ በራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር። ፋብሪካው ግን ማምረቱን ቀጠለ።

በ1975 ክረምት አንድ የከተማዋ ሐኪም፣ እጁ የሚንቀጠቀጥና የደረት ሕመም ያለበትን ሠራተኛ የሥራ ታሪክ ጠይቆ የደም ናሙናውን በአትላንታ ወደሚገኘው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ላከ። በናሙናው ውስጥ ክሎርዴኮን በከፍተኛ መጠን ተገኘ፤ ፋብሪካውም በሐምሌ ወር ተዘጋ። ከተመረመሩት 133 ሠራተኞች 76ቱ የመመረዝ ምልክት ነበራቸው፤ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ያለ ሥርዓት መወርወር፣ የክብደት መቀነስና የዘር ፍሬ ማነስ ከምልክቶቹ መካከል ነበሩ። ጄምስ ወንዝም በመበከሉ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ለዓሣ ማጥመድ ተዘጋ፤ እገዳው በየደረጃው እየላላ እስከ 1988 ድረስ ቆይቷል።

ክሎርዴኮን ከጉበት በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይወርዳል፤ ነገር ግን አብዛኛው ከአንጀት ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ሐኪሞቹ ይህን ዑደት ለመበጠስ ኮሌስታይራሚን ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመው ጥናት መሠረት፣ ሬዚኑ በዓይነ ምድር የሚወጣውን ክሎርዴኮን በአማካይ ሰባት እጥፍ አሳደገው። የደም ክሎርዴኮን በግማሽ ለመቀነስ 165 ቀናት ይፈጅ የነበረው ወደ 80 ቀናት ወረደ።

ይህ የሕክምና ድል ነው። ሆኖም ነገሩን ከሌላ ወገን ስናየው፣ በፋብሪካው ማፍሰሻ ላይ መያዝ የነበረበት መርዝ በሠራተኛው አንጀት ውስጥ ነው የተያዘው። ወንዙን ኮሌስታይራሚን ማጠጣት ደግሞ አይቻልም።

ሬዚን የማይፈታቸው ችግሮች

በመጀመሪያ፣ ሬዚን በካዩን ይይዛል እንጂ አያጠፋውም። ዓምዱ ሲታደስ የሚወጣው እጥበት በካዩን ከበፊቱ በበለጠ ጥግግት የያዘ ነው። እጥበቱ ካልተቃጠለ፣ ካልተሰበረ ወይም ለሥራ ካልዋለ፣ የተደረገው መርዙን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ብቻ ይሆናል። ስለ አንድ የሬዚን ማጣሪያ ሲነገረን ልንጠይቀው የሚገባ የመጀመሪያ ጥያቄም «እጥበቱ የት ይሄዳል?» የሚለው ነው።

ሁለተኛ፣ ሬዚን በሚገባ የሚሠራው በካዩ ተጠጋግቶ ባለበት ነው። ለምሳሌ በአንድ ሊትር አንድ ግራም ፌኖል ያለበት 100 ሊትር ፍሳሽ አለ እንበል። የያዘው ፌኖል 100 ግራም ነው። በዚህ ጥግግት አንድ ግራም ሬዚን 100 ሚሊ ግራም ይይዛል ብለን ብንነሳ፣ አንድ ኪሎ ግራም ሬዚን ይበቃል። ይኸው ፌኖል በ100,000 ሊትር ውስጥ ከተበተነ በኋላ ግን ጥግግቱ በሊትር አንድ ሚሊ ግራም ይሆናል፤ እያንዳንዱ ግራም ሬዚን የሚይዘውም በእጅጉ ያንሳል፤ መጣራት ያለበት ውኃም ሺህ እጥፍ ነው። በካይን በምንጩ መያዝ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ጭቃ፣ ዘይትና ከዕፅዋት ብስባሽ የሚመጣ ኦርጋኒክ ነገር የሬዚኑን ቀዳዳዎች ይደፍናሉ፤ ስለዚህ ፍሳሹ አስቀድሞ መጣራት አለበት። ሬዚን ጀርም አይገድልም፤ እንዲያውም በእንክብሎቹ ላይ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። አሚን ያላቸው አንዳንድ ሬዚኖች ደግሞ ናይትሮሶዳይሜቲልአሚን የተባለውን ካንሰር አምጪ ውህድ ሊያስገኙ የሚችሉ ቅንጣቶችን ወደ ውኃ ይለቃሉ። በመሆኑም አዲስ ሬዚን ከመጠቀም በፊት በሚገባ ማጠብ ያስፈልጋል።

እነዚህ ድክመቶች ቢኖሩም ሬዚን ተመራጭ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ለፐርፍሎሮኦክታኖይክ አሲድና ለዘመዱ ለፐርፍሎሮኦክቴን ሰልፎኔት በመጠጥ ውኃ ውስጥ በአንድ ሊትር 4 ናኖ ግራም የሚል ጣሪያ ሲያወጣ፣ ለማስወገጃነት ከዘረዘራቸው ዘዴዎች መካከል ገቢር ከሰልና የአኒየን መለዋወጫ ሬዚን ይገኙበታል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

የጤና ተቋም ራሱ ኦርጋኒክ በካይ አመንጪ መሆኑን መርሳት አይገባም። የፓቶሎጂ ክፍል ፎርማሊን፣ የላቦራቶሪ ማቅለሚያዎች፣ ፌኖል ያለባቸው የጀርም መግደያዎች፣ የራጅ ማድመቂያ መድኃኒቶች፣ ጊዜ ያለፈባቸው አንቲባዮቲኮችና የካንሰር መድኃኒቶች ወደ አንድ ቧንቧ የሚገቡበት አሠራር የተለመደ ነው። አንቲባዮቲክ ያለበት ፍሳሽ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች እንዲመረጡ ያግዛል። ከላይ በተሰጠው ስሌት መሠረት፣ እነዚህን በጀሪካን ለይቶ ማስቀመጥ ያለ ምንም ሬዚን ትልቁን ሥራ መሥራት ነው። አንድ ጊዜ ከመጸዳጃ ቤት ውኃ ጋር ከተቀላቀሉ በኋላ ግን በውድ ሬዚንም ለመልቀም አዳጋች ይሆናሉ።

ሁለተኛው ድርሻ የሥራና የመኖሪያ ታሪክ መጠየቅ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ መንቀጥቀጥ፣ ደም የተቀላቀለበት ሽንት፣ መካንነት ወይም ሥር የሰደደ የቆዳ በሽታ ያለበትን ሰው «ሥራህ ምንድን ነው? ከዚያ በፊትስ ምን ትሠራ ነበር? የምትጠጣው፣ አትክልትህን የምታጠጣው ውኃ ከየት ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። የሆፕዌሉ ሐኪም ያደረገው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ከአንድ መንደር ወይም ከአንድ ፋብሪካ ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ሰዎች ሲደጋገሙ በመዝገብ አስፍሮ ለሚመለከተው የጤና መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይገባል።

ሦስተኛው የመመስከር ድርሻ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አካባቢን መበከልን ይከለክላል፤ በካዩም ያበላሸውን እንዲያጸዳ የሚገደድበትን ሥርዓት ይደነግጋል። የፋብሪካ ማጣሪያ ሲታቀድ ወይም ሲገመገም ግን በጠረጴዛው ዙሪያ ሐኪም ወይም የአካባቢ ጤና ባለሙያ ከሌለ፣ ውይይቱ በውኃው ቀለምና ሽታ ላይ ብቻ ሊቀር ይችላል። ቀለሙ የጠፋ ውኃ ሁሉ ከመርዝ የነጻ አይደለም፤ አዞ ማቅለሚያ ሲሰበር ቀለሙ ይጠፋል፣ አሮማቲክ አሚኑ ግን ይቀራል።

ማጠቃለያ

የተሻሻሉ ሬዚኖች ባክቴሪያ የማይበላቸውን ኦርጋኒክ በካዮች ከፍሳሽ ውኃ ለይተው ማውጣት የሚችሉ፣ ታድሰው ደግመው የሚያገለግሉ ጠቃሚ መሣሪያዎች ናቸው። በተለይ ፍሳሹ አነስተኛ፣ በካዩ የተጠጋጋና ዓይነቱ የታወቀ በሚሆንበት ቦታ፣ ማለትም በፋብሪካው ማፍሰሻ ላይ፣ ጥቅማቸው የጎላ ነው። በአንጻሩ እጥበቱን የሚያስወግድ ሥርዓት፣ ቅድመ ማጣሪያና የማያቋርጥ ክትትል ከሌለ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ለጤና ባለሙያ የሚቀረው ቁም ነገር ግን ከኬሚስትሪው ይልቃል። ኮሌስታይራሚንን በሕመምተኛው አንጀት ውስጥ እንዲሠራ ስናዝ፣ የዚያኑ ዓይነት ሬዚን በፋብሪካው ዓምድ ውስጥ ቀድሞ ቢሠራ ኖሮ ይህ ሕመምተኛ ወደ እኛ ባልመጣ ነበር ብለን የምናስብበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲያጋጥመን ሕክምናውን ከሰጠን በኋላ ካርዱን ከመዝጋታችን በፊት ውኃው ከየት እንደመጣ እንጠይቅ፤ መልሱንም እንጻፍ።